ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለየት

ሚስቴ ሃያት የዚያን ዕለት ጠዋት ዳቦ ልትገምጥ አፏን ስትከፍት መንጋጋዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና አልንቀሳቀስም አለ። ዳቦው በእጇ፣ ሻይዋ ከፊቷ፣ ዓይኖቿ እኔ ላይ። «ምነው?» አልኳት። በላይኛውና በታችኛው ጥርሷ መሃል አንዲት ጣት በግድ የምታልፍበት ክፍተት ብቻ ነበር የቀረው። መዳፏን ከግራ ጆሮዋ ፊት ለፊት አስደግፋ «እምም» አለች። ላለፈው አንድ ዓመት ያ መንጋጋ በከፈተችው ቁጥር «ቀጭ» ይል ነበር፤ ስታዛጋ ቀጭ፣ ስትስቅ ቀጭ፣ ሥጋ ስታኝክ ቀጭ ቀጭ። እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእኔ ሚስት ስታዛጋ ጎረቤት ከተማ ወደራ ድረስ ይሰማል፤ የወደራ ሰው በር የተዘጋበት እየመሰለው ከእንቅልፉ ይነሳል» እያልኩ ሳስቅባት ከርሜያለሁ። የዚያን ዕለት ግን ቀጭታው የለም። በሩ የምሩን ተዘግቶ ቀረ። እኔም፣ አስታግፊሩላህ፣ መጀመሪያ በልቤ ያልኩት ቃል «አልሐምዱሊላህ» ነበር።

ለምን እንዳልኩ ልናገር። ቤታችን ነገሌ ላይ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባታችን ከጉራጌ አገር አንድ ጆንያ ጨርቅ ተሸክሞ የመጣ ሰው ነበር፤ እኔ ሳወራው ጆንያው ሦስት የጭነት መኪና ይሆናል። ወደ መንገዱ የሚከፈቱ አራት በሮች ጥሎልን ሞተ። ሦስቱ በሮች የእኔ ሱቅ ናቸው፤ በዚህች ከተማ ከእኔ ሱቅ የሚበልጥ ጣሪያ ያለው መስጊዱ ብቻ ነው፣ እሱም ሚናራው ስለረዳው ነው። አራተኛዋ በር የእህቴ የራሕማ ናት የሚሉ አሉ፣ አይደለችም የሚሉም አሉ። አይደለችም የሚለው አንድ ሰው ነው፣ እኔ። ራሕማ ክብረ መንግሥት ላይ ትዳሯ ፈርሶ አንድ ሻንጣ ይዛ ስትመጣ አባታችን በሕይወት እያለ ክፍሏን ሰጣት። ሾርባና ሳምቡሳ ትሸጥባታለች። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ ቀለሙ የለቀቀ የካዕባ ሥዕል፣ ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለ የምትተኛበት አልጋ። ያቺ ናት ክፍሏ፣ ያው ናት ኑሮዋ። አምና አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሊከፍት መጣና አራቱንም በር በአንድ ላይ ካልሆነ አልፈልግም አለ። ከዚያ ወዲህ ነው እኔ አባቴ «ሰጥቻታለሁ» ሳይሆን «ለጊዜው ትቀመጥበት» ነው ያለው ማለት የጀመርኩት። መጀመሪያ ለባንኩ ሰዎች አልኩት፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ ሲደጋገም ለራሴም እውነት እየመሰለኝ መጣ።

አባቴ ቃሉን ሲናገር ከራሕማ ሌላ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ለሶላት መታጠቢያ የውዱእ ውሃውን ይዛ የቆመችው ሃያት ናት። ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ሲደርስ ራሕማ «ምስክሬ ሃያት ናት» አለች። የኔን ስም አልጠራችም፤ እንኳን ልትጠራኝ ቀና ብላም አላየችኝ። ሽማግሌዎቹ ቃሏን ሊሰሙ የሚቀመጡት መንጋጋዋ የተቆለፈበት ዕለት፣ ከሰዓት ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሽማግሌ ፊት ምስክርነት በአፍ ነው። ወረቀት አይሠራም፣ ራስ መነቅነቅ አይሠራም፣ ሰው መወከል አይሠራም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኦቦ ኩራ «ቃል ሲወጣ ከነትንፋሹ ነው የምናየው» ይላሉ። እኔ ሃያትን ዋሺ ብያት አላውቅም። እራት ላይ «አንቺ እኮ ውሃውን ይዘሽ ስትገቢ ነገሩ ተነግሮ አልቆ ነበር» ብቻ ነው ያልኳት። አንድ ጊዜ አይደለም። ባልኳት ቁጥር ጉርሻዋን አቁማ ዝም ትላለች፣ ጉንጯ ላይ አንዲት ጡንቻ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ዝምታዋን እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ለእኔ በሚመቸኝ በኩል መውሰድ ሁልጊዜም ይቀናኛል።

መፍትሔውንም ወዲያው አገኘሁት። «ጥርስ ነው» አልኩ። ነገሌ ውስጥ ከእኔ የበለጠ በሽታ የሚያውቅ ሰው ካለ ገና አልተወለደም። ጆሮዋን አመመኝ ስትል የሞቀ ዘይት ያንጠባጠብኩላት እኔ ነኝ፤ ራሷን ሲወቅራት ከሱቄ ኪኒን ያወረድኩላት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻም የጥርስ ትል ነው ብዬ ፍሬ አጭሼ ጭሱን በቱቦ ወደ አፏ ያስገባሁት፣ እስክትታፈን፣ እኔው ነኝ። አሁን የቀረው መንቀል ነው። ከጨው ተራ ጀርባ ዱጋሳ የሚባል ጥርስ ነቃይ አለ፤ አንዱን ጥርስ በመቶ ሃምሳ ብር ያወጣል፣ ሁለት ካስነቀሉ ያስተያያል። ከነቀለ በኋላ በአልኮል የራሰ ጥጥ ያጎርስና «እስከ ነገ አፍህን እንዳትከፍት» ይላል። ይህን አውቅ ነበር። ሃያት ከሕመሟ እንድትገላገልም እፈልግ ነበር፣ ጥጡንም እፈልገው ነበር። የትኛው እንደቀደመ አላህ ያውቃል፤ እኔም ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ።

ዱጋሳ ዣንጥላው ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ጉጠቱን በጋቢው ጫፍ ወለወለና «እስቲ ክፈቺ» አላት። አልተከፈተም። ጎንበስ ብሎ በክፍተቱ አጮለቀ፣ በግራ አጮለቀ፣ በቀኝ አጮለቀ።

«አቦ አብዱልቃድር፣ በየት በኩል ልግባ? በጆሮዋ?»

«አንተ ባለሙያ ነህ አይደል!»

«ባለሙያ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም፤ በተዘጋ ቤት እንዴት ልግባ?» አለና ከኋላው ከቆለለው ዕቃ መሃል ጫፉ የሾለ የግራር እንጨት አወጣ። በጥርሶቿ መሃል አስገብቶ በጉልበት ሊፈለቅቀው ነው። ሃያት እንጨቱን ስታይ እጄን ያዘችኝ። ዓመቱን ሙሉ እጄን ይዛኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ እጇን ይዤ ለዱጋሳ «ቀጥል» አልኩት።

ይሄኔ ነው ራሕማ የደረሰችው። ሽርጧ ላይ ዱቄት፣ ክንዷ ላይ ዘይት፤ የሳምቡሳ ገበያ በሚደምቅበት ሰዓት በሯን ዘግታ ከመናኸሪያው እየሮጠች መጥታለች። ጎረቤት ነው የነገራት። የምትፈልገው ምስክር አፏ ተቆልፏል ሲሏት ስለ ምስክርነቱ አንድ ቃል አልተናገረችም። በቀጥታ ሃያት ፊት ተንበረከከችና «ሃዩዬ፣ ጥርስሽን ነው? ቀዝቃዛ ውሃ ያምሻል?» አለቻት። ሃያት ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ራሕማ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የቱን ጥርስ ነው የምታስነቅለው?»

«የኋለኛውን።»

«ምን አርጎ?»

እኔ መልስ ሳጣ ዱጋሳ ራሱ እንጨቱን አስቀመጠ፤ እንዲህ ያለ ነገር በከተማው ታሪክ አልታየማ። ራሕማ ባጃጅ ጠራች። ዱጋሳ ከኋላችን «ሆስፒታል ሄዳችሁ ስትመለሱ ዋጋው እጥፍ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ጨው ተራው ሳቀ።

ባጃጁ ኮንትራት ስድሳ ብር አለን። እኔ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እነሱ ከኋላ። ቀዩ አቧራ በሁለቱም በኩል ይገባል፤ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሃያት ትቃትታለች፤ ራሕማ የሃያትን ራስ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ፣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ፣ «ቀስ በል አቦ፣ ሰው ነው የጫንከው» ትላለች። እኔ ለሾፌሩ ያቤሎ ላይ መንጋጋው ለሦስት ዓመት ተቆልፎበት በአፍንጫው ወተት እየጠጣ ስለኖረ የግመል ነጋዴ አወራሁለት። እንዲህ ያለ ነጋዴ የለም። ዝም ካልኩ ግን የኋላውን መስማት ነበረብኝ። ከኋላ የምትሰማው ራሕማ ናት፣ ለሃያት በጆሮዋ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» የምትላት፤ በዚያው ዕለት ማታ ምናልባት የምታድርበት የማይኖራት ራሕማ።

የሆስፒታሉ የጥርስ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ራሕማ ከውጭ ኮሪደሩ ላይ ቀረች፤ እኔና ሃያት ገባን። ሐኪሟ ዶክተር ትንቢት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?»

«ግራ በኩል ነው» አልኩ። «ከጥርሷ ይነሳል፣ በጆሮዋ ያልፋል፣ አናቷ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በማጅራቷ ይወርድና…»

«እሷን ነው የጠየቅኩት፣ አባቴ።»

«እሷ አፏ ተቆልፏል። አፏ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንዴ እርስዎን ልመርምርዎት» አለችኝ። ሃያት በዓይኗ ሳቀች፤ ወዲያው ጉንጯን ያዘች።

ዶክተሯ ሦስት ጣቶቿን ደርባ አሳየችን። ጤነኛ አፍ የራሱን ሦስት ጣት እንዲህ አቁሞ ያስገባል አለች። ሃያት ሞከረች፤ አንዷ ገባች፣ ሁለተኛዋ ጥፍሯ ላይ ቆመች። እኔ በጎን ሞከርኩ፤ አራት ገባ፣ አምስተኛዋም ብታስፈልግ ቦታ ነበር። ዶክተሯ በትንሿ መስታወት እጀታ የሃያትን ጥርሶች አንድ በአንድ መታ መታ አደረገቻቸው። ዱጋሳ ሊነቅለው የነበረውን ደግማ መታችው። አላመማትም። ከዚያ መሣሪያውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ጣቶች ከጆሮዎቿ ፊት ለፊት ቀስ ብላ ጫን ስትል የሃያት እንባ ዱብ አለ።

«ጥርስ አይደለም» አለች። «ጆሮም አይደለም። እዚህ ጋ የመንጋጋ መገጣጠሚያ አለ። በመሃሉ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ እንደ ትራስ የምታገለግል ቀጭን ነገር አለች። ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ትራሷ ከቦታዋ ስትወጣና ስትመለስ ነው። ዛሬ ወጥታ ሳትመለስ ቀርታለች። ሰው ሕመሙ ስለሚዞርበት አንዴ ጆሮዬ፣ አንዴ ጥርሴ፣ አንዴ ራሴ ይላል።»

«ጥርሱ… ቢነቀልስ ኖሮ?» አልኩ፣ ሰው እንደሚጠይቅ ሆኜ።

«ጤነኛ ጥርሷን ታጣና ሕመሙ እዚያው ይቀመጣል። አንዳንዱ ደግሞ በጉልበት ይፈለቅቃል፤ እሱ ከሁሉም የባሰ ነው።»

ሃያት የዱጋሳን እንጨት አልነገረቻትም፤ ጣቷንም ወደ እኔ አልቀሰረችም። ብትቀስር ደስ ይለኝ ነበር።

«ማታ ማታ ጥርሷን ታፋጫለች? ይህን እንኳ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት» አለችኝ ዶክተሯ።

«ኧረ ወፍጮ ቤት ነው! ሦስት ቤት አቋርጠው እህል ይዘው የመጡ ሰዎች አሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አውቀዋለሁ። ራሕማን «ክፍሉን ልቀቂ» ካልኳት ሳምንት ጀምሮ ነው። ያን ሰሞን አጠገቤ ተኝታ ድንጋይ የምትፈጭ እየመሰለኝ ትራስ በጆሮዬ ላይ እየደፋሁ ነው የተኛሁት። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው» አልኩ። ዶክተሯ ሃያትን አየቻት፤ ሃያት ወለሉን አየች። «የሚያስጨንቃት ነገር አለ?» አለች ደግሞ። «ምን ያስጨንቃታል? ከዚህ እስከ ሞያሌ እንደሷ የተንደላቀቀች ሴት አይገኝም!» አልኩ።

ዶክተር ትንቢት ከዚያ በኋላ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ ሃያት አዞረች። ለስላሳ ምግብ፣ ሾርባ፣ ገንፎ፤ ጠንካራ ነገር፣ ማስቲካ፣ ጫት የለም። በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ። ለሕመሙ ኪኒን፤ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ አፍን ቀስ እያሉ፣ ሳያስገድዱ፣ መክፈት መለማመድ። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል አለች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ትታይ፣ ካልተሻላት ማታ ጥርስ ላይ የሚደረግ ፕላስቲክ ሀዋሳ ይሠራላታል። «ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዢ» አለችና በራሷ ፊት ላይ አሳየቻት፤ «ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ለየት። ቀን ሥራ ላይ ስትሆኚ፣ ስትበሳጪ፣ ዝም ስትዪ ጥርስሽን ልብ በዪው። ጥርስ ከጥርስ የሚገናኘው ምግብ ሲታኘክ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ከነካከስሽ መገጣጠሚያውን እያደከምሽው ነው።»

«ማውራትስ?» አልኩ።

«ታውራ። አፏን ብዙ ሳትከፍት፣ ቀስ ብላ። ምላሷ አልተቆለፈም።»

«ለዛሬ እንኳ ዝም ብትል አይሻልም?»

«ዝም ማለት አይደለም መድኃኒቱ፤ አለመንከስ ነው» አለች።

ስንወጣ ራሕማ ከኮሪደሩ አግዳሚ ዘላ ተነሳች። «ምን አለች ጋሼ?» ሁሉንም ነገርኳት፤ ትራሷን፣ ሾርባውን፣ ፎጣውን፣ ሁለቱን ሳምንት፣ አንዲት ነገር ሳላዛባ። ከዚያ አንዲት ነገር ጨመርኩ። መጨመር ልማዴ ነው፤ በሕይወቴ የጨመርኳቸው ነገሮች ቢከመሩ ከተራራ ይበልጣሉ፤ ማንንም ግን ገድለው አያውቁም ነበር። «ለጊዜው አንድም ቃል እንዳትናገር ከልክላታለች» አልኩ። ሃያት አጠገቤ ቆማለች። ሰማችኝ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ጥርሷን ገጠመች፤ ያቺ ጡንቻ ጉንጯ ላይ ብቅ አለች። ከሐኪሟ በር ሦስት እርምጃ ሳንርቅ መልሼ አስነከስኳት።

ምሳችንን የበላነው ራሕማ ክፍል ነው። ፎጣ አሙቃ የሃያት ጉንጭ ላይ ታደርጋለች፣ ሲቀዘቅዝ ታነሳለች፣ እንደገና ታሞቃለች። የምስር ሾርባዋን በወንፊት አጥልላ በሻይ ማንኪያ በዚያች ቀዳዳ ጠብ ታደርግላታለች። ደንበኞች እየመጡ «ሳምቡሳ የለም?» ሲሉ «ዛሬ የለም» ትላለች። ለእኔም በሳህን አቀረበችልኝ። ሥጋውን ለእኔ ነው የለየችው። እበላለሁ፣ ክፍሉን አያለሁ። ሳላስበው የባንኩ መስኮት የት ጋ እንደሚሆን በዓይኔ ለካሁ፤ አልጋዋ ላይ ሆነ። ከሦስታችን ማንም አያወራም። ሃያት ታማ ነው፣ ራሕማ ታማሚ እንዳታስጨንቅ ነው፣ እኔ… እኔ አፌን ሾርባ ሞልቼ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ሐጂ ሳላሃዲን ግቢ፣ ኒም ዛፉ ሥር ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ አካም፣ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ናጋ። ሐጂ ሳላሃዲን ምንጣፉ ላይ፣ ኦቦ ኩራ ጀርባቸው ስለማይታጠፍ ወንበር ላይ፤ እኔና ሃያት ጎን ለጎን፣ ራሕማ ፊት ለፊታችን። ሐጂ «ሃያት፣ የኔ ልጅ፣ የምታውቂውን ተናገሪ» ሲሉ እኔ ብድግ አልኩ። መንጋጋዋ እንዴት እንደተቆለፈ፣ ሆስፒታሉ እንዴት እንደተደናገጠ፣ እንዲህ ያለ ሕመም በአገሪቱ ሁለተኛው እንደሆነ፣ ዶክተሯም አንዲት ቃል ብትናገር አገጯ ለዘላለም እንደሚጣመም እንዳስጠነቀቀች አስረዳሁ። ኦቦ ኩራ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እያዳመጡ፣ «ዋቆ!» እያሉ ሃያትን በሐዘን አዩዋት።

«እንግዲያው እስክትድን ይቆይ» አሉ ኦቦ ኩራ።

«የባንኩ ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ፤ ካለፈ አለፈ» አልኩ። «ሌላ ምስክር ካለ ይቅረብ።»

የኒሙ ቅጠል ምንጣፉ ላይ ይረግፋል። ሐጂ ወደ ራሕማ ዞሩ፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ራሕማ የሻሿን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየች። «ሐጂ፣ ሃያት ታማለች። በኔ ምክንያት አገጯ ከሚጣመም…» የሻሿን ጫፍ ለቀቀችው። «ክፍሉን ይውሰደው። ለእኔ አላህ አለኝ። ወንድሜ ነው፣ ይቅናው።»

አሸነፍኩ። ነገሌ ላይ እንደዚያ ቀን ያሸነፈ ሰው የለም፤ የተፎካከርኩት ደግሞ እኔን ሥጋ ለይታ ካበላች ሴት ጋር ነው። ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ፤ ያን የማውቀውን፣ ትራስ ደፍቼ የምሸሸውን፣ ድንጋይ ከድንጋይ የሚፋጭበትን ድምፅ። ሃያት ናት፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ፎጣውን ከጉንጯ አወረደች፣ ጭኗ ላይ አጠፈችው፣ መንጋጋዋን በጣቷ ደገፍ አድርጋ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ ተናገረች። ቀስ ብላ። ቃሉ በዚያች ቀዳዳ ተጨናንቆ ነው የወጣው፤ ከእኔ በቀር በግልጽ የሰማው አልነበረም።

ኦቦ ኩራ ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። «ማል ጄቴ? ምን አለች? አብዱልቃድር፣ አንተ አጠገቧ ነህ፤ ምንድነው ያለችው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀኑን ሙሉ አፏ እኔ ነበርኩ፤ ለዱጋሳ፣ ለዶክተሯ፣ ለሽማግሌዎቹ። አሁን ማንም ያላየው በር ተከፈተልኝ። «ደክሞኛል፣ ቤቴ ውሰዱኝ ነው የምትለው» ብል ያበቃል። ሃያትን አየኋት። አልለመነችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። የራሷን ጨርሳለች። ጥርሶቿ አልተገጣጠሙም ነበር፤ ያቺ ጡንቻ ጉንጯ ላይ የለችም። የቀረው የእኔ ነበር።

«ምን አለች፣ አንተ ሰው!» አሉ ኦቦ ኩራ።

«‹ዶክተሯ ተናገሪ ብላኛለች› ነው ያለችው» አልኩ። ድምፄን አላወቅኩትም። «‹አባባ ይቺ በር የራሕማ ናት፣ እኔ ብሞትም ማንም አያስወጣት ሲሉ ቆሜ ሰምቻለሁ› ነው ያለችው።»

ሐጂ ሳላሃዲን ሙስባሓቸውን መቁጠር አቆሙ። «አንተስ? በቦታው ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እሷ እንዳለችው ነው?»

«እንዳለችው ነው።»

ከዚህ በላይ አልተናገርኩም፤ የሚጨመር ነገር ጠፋኝ። ራሕማ ተነስታ ልትገስጸኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን መጥታ እጄን ሳመች። ባትስመኝ ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ኩራ ደግሞ በራሱ ላይ የመሰከረ ወንድ ካዩ ስንት ዘመናቸው እንደሆነ እያወሩ መረቁኝ፤ ስለ ዶክተሯ የዋሸሁትን ሐጂ በዓይናቸው ብቻ አልፈውት ሄዱ፤ ዓይናቸው ግን እስከ ግቢው በር ተከተለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ወሬው ቀድሞን ገበያው ደርሷል። የሻይ ቤቱ ባለቤት ከበሩ ወጥቶ «ለእህትህ ስትል ባንክ አባረርክ አሉ፣ ማሻአላህ!» አለኝ። አላረምኩትም። እንዲያውም፣ ወላሂ ሳላስበው፣ «አንድ ባንክ መሰለህ እንዴ? ሁለት ነበሩ» ስል ራሴን ሰማሁት። ራሕማ ከፊታችን ፈጠን ፈጠን ብላ ሄዳ ቁልፏን ከፈተች፣ ከሰሏን ማራገብ ጀመረች። ሃያት አጠገቤ ቆመች። ለእሷ እንደማስብ ላሳያት ብዬ፣ ሰውም እየሰማ ስለነበር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የዶክተሯን ምክር እንዳትረሺ፤ ጥርስሽን ለየት አድርጊ» አልኳት።

ፎጣውን ጉንጯ ላይ አደረገች። በዚያችው ቀዳዳ፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ጥርሱን እኔ እለያለሁ» አለችኝ፤ «ከንፈሩን አንተ ግጠም።»